ልኬን አትውሰድ

እንድሪስ፣ የቅሬው ዳኛ፣ መዝገቡን ግለጠው፤
ከስሜ ፊት ለፊት ባዶ ቦታ አለ፣ ይህን ቃል ጻፈው።

እኔ አራጋው ይማም፣ አናጢው ሰውዬ፣
ኩታበርን በክንድ ለክቼ፣ በጣውላ ጠቅልዬ፣
ዓርባ ዓመት የኖርሁ፣
ዛሬ የራሴን ቀን ልናገር መጣሁ።
አትደንግጥ፤ ከጉልበቴ በቀር ሌላ አላመመኝም።
ግን ሰው ከሞተ ወዲያ ወጉን ሌላው ይቆርጣል፤ ሟች አይጠየቅም።
እንግዲያው አሁን ነው፦
ሣጥን አልፈልግም።

ሳቅህ ገብቶኛል። ሣጥን ሻጭ ‹‹ሣጥን ይቅር›› ሲል፣
ወይ አብዷል ወይ ከስሯል ይባላል።
ልጄ ደምሌማ ሦስት ቀን አኮረፈ፤
መጋዙን ሰቅሎ፣ ምሳውን ገፍቶ፣ እንዳላየ አለፈ።

ግን ስማኝ። ከቤታችን በላይ ያለው ገመገም
ልጅ ሳለን ጥድ ነበር፤ ፀሐይ እንኳ አይዘልቀውም።
ጉሬዛ ነበረው፤ ምንጭ ነበረው፣ በግንቦት የማይነጥፍ፤
ዛሬ ውጣና እየው፦ ድንጋይ፣ ቦረቦር፣ ጥላ የሌለው አፋፍ።
ማን ጨረሰው አትበል። እኔ ነኝ የጨረስሁ፤
ካንድ ሰው ጋር አንድ ግንድ እያስተኛሁ የቀበርሁ።
ጥዱ ሲያልቅ ባሕር ዛፍ፤ ባሕር ዛፉ ሲወደድ፣
ከኮምቦልቻ የሚጫን፣ በሙጫ የተጣበቀ የብናኝ ጉድ፤
ምስጥ የሚጠየፈው፣
ወርቅ የተቀባ የላስቲክ መስቀል ላዩ ላይ የምንለጥፈው።

አባቴ ሲቀበር አንተ ነህ ጉድጓድ የወረድህ፤
በነጭ ከፈን ብቻ፣ ጉንጩን ከአፈር አሳረፍህ።
እኔ አናጢው ልጁ፣ ከአፋፉ ቆሜ፣
የምመታው ምስማር አጥቼ፣ ባዶ እጄን ታቅፌ፣ ሳየው ተገርሜ፣
ቀናሁኝ ያን ዕለት። እስከዛሬ አልነገርሁህም።
በሰውና በአፈር መካከል በር የሚገጥም
አናጢ ብቻ ነው፤ አፈር በር አያውቅም።

እናቴስ፣ ክርስቲያኗ? በሰሌን ነው የሄደች፤
ሣጥን የሚሉት ወግ ሳትሰማ ያለፈች።
‹‹የአባቶች ሥርዐት ነው›› ለሚል ዕድሜውን ልንገረው፤
ሥርዐቱ ከመጋዜ በአንድ ዓመት ነው የሚያንሰው።

እና ጻፍልኝ። ሰሌኑን ሰኞ ዕለት ከባቲ ገዛሁ፤
አይጥ እንዳይበላው ከጣራው ማገር ሰቀልሁ።
መገነዣው የጥጥ ፈትል ይሁን፤ ናይሎን አታስነካኝ።
ቦታዬ ከሚካኤል ግርጌ ነው፤ ሲሚንቶ አትጫነኝ።
ልጄ ዝናሽ ከጅዳ ‹‹መቃብሩን ሴራሚክ አለብሳለሁ›› ብላለች፤
ለሻወር ቤቷ ታድርገው በልልኝ፤ እሷ ገና አለች።

የላስቲክ ሳህን፣ የውሃ ጠርሙስ ቅሬው እንዳይገዛ።
ባለፈው ከሙሄ ለቅሶ ማግስት ዝናቡ ሲበዛ፣
ጎርፉ ይዟቸው ሲወርድ፣ ጠርሙስ ለጠርሙስ ሲንኳኳ አደረ፤
‹‹ሌላ ሰው ሞተ እንዴ?›› ብዬ ተነሥቼ ነበረ።
ሃምሳ ጣሳ አለን፤ ቅልም አለ፤
ማጠብ የታከተው ይቅር፣ አልቅሱልኝ ማን አለ?

ከራስጌዬ አንድ ጥድ። ችግኙን በቆርቆሮ ደጄ አፍልቻለሁ፤
ፍየል ግጦት ዳግም አቆጠቆጠ።
ሰባት መቶ ሦስት ሣጥን ሠርቻለሁ፣ ቆጥሬ አውቃለሁ፤
አንድ ጥድ ዕዳ አይከፍልም። ይሁን። መጀመሪያ ነው ብያለሁ።

ትናንት ማታ ደምሌ መጣ። መሬት መሬት እያየ፣
‹‹ሰሌን ባዶውን አይሄድም፤ መሸከሚያ…›› ብሎ ቆየ።
‹‹ከወይራ ቃሬዛ ልሥራ፣ የቅሬው፣ የሁሉም የሚሆን፤
ለአንተም ለእንድሪስም፤ አድርሶን የሚመለስ እንጂ አብሮ የማይቀበርብን።››
ሜትሩን ሳበ ወዲያው፤ ሊለካኝ ዘረጋ።
‹‹ተው፣ ልኬን አትውሰድ፤ አጭር ነኝ፤ ረጅም ሰው እግሩን የት ይዘርጋ?
ከቅሬው መሐል ሎጋውን ለካ፣ ሁላችንን እንዲችል።››

እንድሪስ፣ ሎጋው አንተ ነህ።
ነገ ከዙሁር በፊት ሱቅ ድረስ ብቅ በል።